ሰም፣ ውሃና ብርሃን፦ የመኪና ቀለም ለምን ይደበዝዛል? በምንስ ይጠበቃል?

ስለ ፈሳሾች የገጽ ውጥረት ባስተማርንበት ዕለት ክፍለ ጊዜው አልቆ ወረቀቶቻችንን ስንሰበስብ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ጠረጴዛችን ቀረበ። «ዶክተር፣ መኪና ሰም ሲቀባ የዝናብ ጠብታ ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ይቆማል። ያ ጠብታ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሌንስ ሆኖ ቀለሙን ያቃጥላል ይባላል። እውነት ነው?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ለፈተና ሲባል የተጠየቀ አልነበረም። አባቱ በአንዲት ብርማ ቀለም ባላት አሮጌ አውቶሞቢል ተሳፋሪ እያመላለሱ ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ። መኪናዋ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ኮምፓውንድ ትመታለች፤ ታበራለች፤ ጥቂት ወራት ቆይታ ደግሞ ትደበዝዛለች። አሁን ግን ጣሪያዋ ላይ ነጫጭ ምልክት ወጥቶ መላጥ ጀምሯል። አንዱ ቀለም ቀቢ «እንደገና ኮምፓውንድ ይመታ» ይላል፤ ሌላው «ችግሩ ሰሙ ነው፤ ሰም መቀባቱ ይቅር» ይላል። አባትየው የያዙት ገንዘብ ግን አንዱን ብቻ ለማሠራት የሚበቃ ነው።

ያን ዕለት የሰጠነው መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ጉዳዩን ስናጤነው ግን የገጽ ውጥረትን፣ የብርሃን ነጸብራቅንና ስብረትን፣ እንዲሁም የፎቶንን ጉልበት በአንድ ላይ የሚያነሳ ሆኖ አገኘነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የመኪና ቀለም ከምን እንደተሠራ፣ በምን እንደሚጎዳ፣ ሰምስ በእርግጥ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ከላሜራው በላይ ምን አለ?

በዘመናችን የሚሠራ መኪና ቀለም አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ በላይ በላዩ የተደራረቡ ልባሶች ስብስብ ነው። ከላሜራው ቀጥሎ ብረቱን ከዝገት የሚከላከለው ልባስ ይገኛል። ይህ ልባስ የመኪናው አካል በሙሉ በፈሳሽ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ አማካይነት የሚለበስ ሲሆን ውፍረቱ 20 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ከእርሱ በላይ ገጹን የሚያስተካክለው ልባስ ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር፣ ቀጥሎ ቀለሙን ራሱን የያዘው ልባስ ከ15 እስከ 20 ማይክሮሜትር ይሆናሉ። ከሁሉም በላይ ቀለም የሌለውና እንደ መስተዋት የሚያሳየው ክሊር ኮት አለ፤ የእርሱም ውፍረት ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ነው።

አንድ ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን እናስታውስ። የተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት 100 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት ላሜራውን ከዝናብ፣ ከፀሐይና ከአቧራ የሚለየው ልባስ በጠቅላላው ከአንድ ወረቀት ብዙም አይወፍርም፤ ክሊር ኮቱ ለብቻው ሲታይ ደግሞ የወረቀቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቁት ኬሚካሎች የሚገኙትም በዚሁ ስስ ልባስ ውስጥ ነው።

አሁን ኮምፓውንድ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት አያዳግትም። ኮምፓውንድ በውስጡ ደቃቅና ጠንካራ ብናኝ የያዘ ቅባት ሲሆን ሥራው እንደ እጅግ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ጭረቱን የሚያጠፋው ጭረቱን በመሙላት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ልባስ እስከ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ በመላጥ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ጊዜ 4 ማይክሮሜትር ይላጣል ብለን ብናስብ፣ 40 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ክሊር ኮት በዐሥረኛው ጊዜ ጨርሶ ያልቃል። የመከላከል አቅሙ የሚዳከመው ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው። የተላጠውን መልሶ የሚያበቅል አንዳችም ቅባት የለም።

ማብራት ማለት ምን ማለት ነው?

አዲስ መኪና የሚያበራው ከአሮጌው የበለጠ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ይመስለናል። በስሌት ስንፈትነው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብርሃን ከአየር ተነስቶ የስብረት መጠኑ n በሆነ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ የሚንጸባረቀው ድርሻ ((n−1)/(n+1))² ነው። ለክሊር ኮት n በግምት 1.5 በመሆኑ ውጤቱ 0.04፣ ማለትም 4 በመቶ ይሆናል። ይህ ቁጥር ለአዲሱም ሆነ ለደበዘዘው ክሊር ኮት ያው ነው። ልዩነቱ ያለው በብርሃኑ አቅጣጫ ላይ ነው። ለስላሳ ገጽ ሁሉንም ጨረር በአንድ አቅጣጫ ስለሚመልስ የሕንፃውንና የሰማዩን ምስል እናያለን፤ የተጫረ ገጽ ግን ያንኑ 4 በመቶ በየአቅጣጫው ይበትነዋል። መደብዘዝ የምንለው ይህንን መበታተን ነው።

በፀሐይ ጊዜ በጥቁር መኪና ላይ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ክቦች መታየታቸውም ከዚሁ የመነጨ ነው። ጭረቶቹ በእውነቱ በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው። ነገር ግን ወደ ዓይናችን ብርሃን የሚልኩት በፀሐዩዋ ምስል ዙሪያ አግድም የተቀመጡት ብቻ ስለሆኑ ክብ የተሠራ ይመስለናል። የምታምን እንደሆነ ሳይሆን የምትጠራጠር እንደሆነ፣ ውድ አንባቢ፣ አምፖል ይዘህ ብትዘዋወር ክቡም አብሮህ ሲዘዋወር ታየዋለህ።

ጭረቶቹን የሚፈጥረው ማን ነው? በመንገዶቻችን አቧራ ውስጥ የኳርትዝ ቅንጣት በብዛት ይገኛል። ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ ያለ ማዕድን ሲሆን ተራ መስተዋትን እንኳ ይጭራል፤ ክሊር ኮት ደግሞ ከመስተዋት በእጅጉ የለሰለሰ ነው። በመሆኑም ማለዳ ማለዳ አቧራ የለበሰውን መኪና በደረቅ ጨርቅ የምንጠርግ ከሆነ በገዛ እጃችን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግነው ነው። መኪናው እንዲያበራ ብለው ገላውን በናፍጣ የሚወለውሉ አጣቢዎችም አሉ። ናፍጣው ጭረቱን ለጊዜው ሞልቶ ያበራል፤ ሆኖም ቶሎ ስለማይደርቅ አቧራ ይሰበስባል፤ ያ አቧራ ደግሞ ለነገው ጭረት ስንቅ ነው።

ሰም ሲቀባ ምን ይሆናል? የሰም የስብረት መጠን 1.45 አካባቢ ሲሆን ከክሊር ኮቱ 1.5 ጋር ይቀራረባል። ሰሙ ጥቃቅኖቹን ጭረቶች ሲሞላ ብርሃኑ በሰሙና በክሊር ኮቱ መካከል የሚያገኘው ልዩነት እጅግ ትንሽ ይሆናል። ከላይ ባለው ቀመር ብናሰላው በዚያ ድንበር ላይ የሚንጸባረቀው 0.03 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም በአየርና በክሊር ኮት መካከል ከሚንጸባረቀው ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጭረቱ ከዓይን ይሰወራል። መሰወር ግን መዳን አይደለም፤ ሰሙ ሲለቅ ጭረቱ እንደነበረ ይገኛል።

ውሃ ለምን ዶቃ ይሠራል?

የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይሳሳባሉ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውሃ የገጽ ውጥረት በአንድ ሜትር 0.073 ኒውተን ነው። ጠብታ በአንድ ገጽ ላይ ሲያርፍ ሁለት ዝንባሌዎች ይፎካከራሉ፤ ውሃው ከራሱ ጋር ለመሰብሰብና ከገጹ ጋር ለመጣበቅ። እንግሊዛዊው ሊቅ ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1805 ፉክክሩ የሚያበቃው በጠብታው ጠርዝ ላይ በሚፈጠረው የንክኪ ማዕዘን መሆኑን አስረድቷል። ገጹ ውሃን አጥብቆ ሲስብ ማዕዘኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ውሃውም ይንጣለላል። ገጹ ሳቢነት ሲያጣ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ያልፋል፤ ውሃውም ይሰበሰባል። በንጹሕ መስተዋት ላይ ማዕዘኑ ለዜሮ የቀረበ ሲሆን በሰም ላይ ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ይደርሳል።

ይህንን በቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ንጹሕ የመስተዋት ቁራጭ ውሰዱና ግማሹን በጧፍ ወይም በሻማ በስሱ እሹት። በሁለቱም በኩል ውሃ አንጠባጥቡ። ሰም በሌለው በኩል ውሃው ሲንጣለል፣ ሰም ባለበት በኩል ዶቃ ይሠራል። አሁን ደግሞ በሁለቱም በኩል ጥቂት ደቃቅ አመድ ነስንሱና መስተዋቱን አዘንብሉ። በሰሙ ላይ የሚንከባለለው ጠብታ አመዱን ይዞ ሲወርድ ታያላችሁ። በመጨረሻ በዶቃው ላይ የሳሙና ውሃ ብታንጠባጥቡ ዶቃው ወዲያው ይዘረጋል፤ ሳሙና የውሃን የገጽ ውጥረት ይቀንሳልና።

በተፈጥሮም ከዚህ የላቀ ምሳሌ አለ። የጎደሬን ቅጠል ያየ ሰው ውሃ ሳያርሰው እንደሚንከባለል ያውቃል። ቅጠሉ በሰም የተሸፈነ ብቻ ሳይሆን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉብታዎች ስላሉት የንክኪ ማዕዘኑ ከ150 ዲግሪ ይበልጣል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ባርትሎት ይህንኑ ጠባይ በሎተስ ቅጠል ላይ አጥንቶ ቅጠሉ በዝናብ ራሱን እንደሚያጸዳ እ.ኤ.አ. በ1997 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። ለስላሳ የሆነው የመኪና ሰም እዚህ ደረጃ ላይ አይደርስም፤ መርሁ ግን ዝምድና አለው። ሰም ውሃም ሆነ ቆሻሻ አጥብቆ የማይዘው ገጽ ይፈጥራል፤ ለጨርቅም ያንሸራትታል።

ጠብታው ሌንስ ነውን?

ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። ጠብታው የግማሽ ሉል ቅርጽ፣ R የሆነ ሬዲየስ አለው እንበል። ትይዩ የፀሐይ ጨረሮች ከአየር ወደ ውሃው ሲገቡ የሚገናኙበት ነጥብ ከጠብታው አናት nR/(n−1) ያህል ይርቃል። የውሃ የስብረት መጠን 1.33 ስለሆነ ይህ ርቀት 4R ይሆናል። የጠብታው ቁመት ግን R ብቻ ነው። ጨረሮቹ ሊገናኙ የሚችሉት ከቀለሙ ሥር በጥልቀት ነው ማለት ነው፤ እዚያ ደግሞ ላሜራ አለ። ጨረሮቹ ቀለሙ ላይ ሲደርሱ የጨረሩ ስፋት የሚጠበው በአንድ አራተኛ ብቻ ስለሆነ የብርሃኑ ጥንካሬ ወደ 1.8 እጥፍ ገደማ ቢጨምር ነው። ወረቀት የሚያቃጥለው የእጅ ሌንስ በመቶዎች እጥፍ እንደሚያጠነክር ስናስብ ይህ ኢምንት ነው። በዚያ ላይ ውሃው ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ ጠብታው ቀለም አያቃጥልም።

ታዲያ ሰዎች ያዩት ክብ ምልክት ከየት መጣ? መልሱ ረከቦት ላይ አለ። ቡና ጠብ ብሎ ሲደርቅ መሐሉ ሳስቶ ጠርዙ ጠቁሮ ይቀራል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳብራሩት የጠብታው ጠርዝ ከገጹ ጋር ተጣብቆ ሲቆይ ትነቱ በጠርዙ በኩል ይፈጥናል፤ የተነነውን ለመተካት ውሃው ከመሐል ወደ ጠርዝ ሲፈስ የያዘውን ቅንጣት ሁሉ ወደዚያ ይጠርጋል። በመኪና ላይ የሚደርቀው የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃም የካልሲየምና የሌሎች ማዕድናት ጨው ይዟል። ጨውና አቧራው ሲቀር ነጭ ክብ ይሠራል። እንግዲህ ምልክቱን ያዩት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት ምክንያቱን ሲገምቱ ነው። መፍትሔውም ሰምን መተው ሳይሆን መኪናው ከታጠበ በኋላ ውሃውን ሳይደርቅ በለስላሳ ጨርቅ ማንሳት ነው።

ፀሐይ የምትጎዳው እንዴት ነው?

የፀሐይ ጉዳት ከጠብታ ጋር ሳይሆን ከፎቶን ጋር የተያያዘ ነው። የአንድ ፎቶን ጉልበት በኤሌክትሮን ቮልት ሲለካ 1240 በናኖሜትር ለተለካው የሞገድ ርዝመት ተካፍሎ የሚገኘው ነው። 550 ናኖሜትር ርዝመት ያለው አረንጓዴ ብርሃን 2.25 ኤሌክትሮን ቮልት ሲይዝ፣ 300 ናኖሜትር የሆነው አልትራቫዮሌት ጨረር 4.1 ይይዛል። የቀለም ሞለኪውሎች የጀርባ አጥንት የሆነውን የካርቦንና የካርቦን ትስስር ለመበጠስ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚታየው ብርሃን ምንም ቢበዛ በቀጥታ የማይበጥሰውን ትስስር አልትራቫዮሌት ጨረር ሊበጥሰው ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ አየሯ ቀዝቃዛ ቢሆንም ለቀለም አትራራም። ጣሪያና ኮፈን ከበሮች ቀድመው የሚላጡትም ለሰማይ ፊት ለፊት የተጋለጡ ስለሆኑ ነው።

ሰም ይህን ጨረር ያግዳልን? ይህንን ለመመለስ የሰሙን ውፍረት እናስላ። 20 ግራም ሰም 10 ካሬ ሜትር በሆነ የመኪና ገጽ ላይ ተቀባ እንበል። የሰሙ እፍጋት በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ 1 ግራም ገደማ ስለሆነ ውፍረቱ 2 ማይክሮሜትር ይሆናል። ከዚህም ውስጥ ማሟሚያው ይተናል፤ አብዛኛውን ቀሪ ደግሞ ስንወለውል በጨርቅ እናነሳዋለን። የሚተርፈው ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። ይህን ያህል የሳሳ ልባስ ጨረሩን በእጅጉ ያግዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ጨረሩን የሚያግደው ክሊር ኮቱ ነው፤ እርሱን በኮምፓውንድ መላጥ ጥላን አጥፎ ፀሐይ ላይ እንደ መቆም ይቆጠራል።

ለመኪና የሚመረጠው ሰም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ነው። ለጧፍ የምንጠቀምበት የንብ ሰም በ62 እስከ 64 ዲግሪ ሲቀልጥ ካርናውባ ከ82 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል። በፀሐይ የጋለ ጥቁር ኮፈን ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል የንብ ሰም ብቻውን ቢቀባ ለስልሶ አቧራ ይይዛል። ካርናውባም ቢሆን በዝናብ፣ በሙቀትና በሳሙና እየሳሳ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል። ማለቁ ጉድለቱ ሳይሆን ሥራው ነው። አንጥረኛ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣለት ወርቁን እንደሚያገኝ ሁሉ፣ እዚህም ሰሙ የሚሄደው ቀለሙ እንዲቀር ነው።

በተግባር ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አቧራውን ከመንካታችን በፊት በብዙ ውሃ እናውርደው። ሁለተኛ፣ ሁለት ባልዲ እንያዝ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቂያ፤ እጥበቱም ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ይሁን። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ስለሚያነሳ ለመኪና የተሠራ ለስላሳ ሻምፖ ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ውሃው ሳይደርቅ በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ እናንሳው። አራተኛ፣ የወፍ ኩስ ዩሪክ አሲድ ስላለበት ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሰን እንጂ ፍቀን አናንሳው። አምስተኛ፣ ሰሙን በጥላ ሥር፣ ገጹ ሲቀዘቅዝ፣ እጅግ በስሱ እንቀባ፤ ማወፈሩ ጨርቅ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። ስድስተኛ፣ ውሃው በታጠበው ገጽ ላይ ዶቃ መሥራቱን ሲያቆም ሰሙ አልቋልና እንድገመው። ኮምፓውንድን ግን ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ፣ ጭረቱ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ እንጠቀም።

በሳምንቱ መጨረሻ ተማሪያችን አባቱን ከነመኪናቸው ይዟቸው መጣ። በበሩ ላይ ውሃ ስናንጠባጥብ ጠብታው ቅርጹን ይዞ ቆመ። በጣሪያው ላይ ግን ተንጣለለ፤ ነጫጮቹ ቦታዎችም ውሃውን መጠጡት። እዚያ ክሊር ኮት የሚባል ነገር አልቀረም። ጣሪያው ላይ ኮምፓውንድ መምታት የቀረውን ቀለም መጨረስ መሆኑን፣ ሰምም ያለቀውን እንደማይመልስ ነገርናቸው። ገንዘባቸው ለጣሪያው እንደገና መቀባት ቢውል፣ በሮቹ ደግሞ በመልካም እጥበትና በሰም ብቻ ቢያዙ እንደሚሻል ስሌቱን እያሳየን አስረዳናቸው። አባትየው ጥቂት ዝም ብለው ጣሪያውን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ታዲያ ሳበራት የኖርኩት እየላጥኳት ነው በሉኛ» አሉ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ማጠቃለያ አልነበረንም። መኪናዋ በቀጣዩ ወር ጣሪያዋ ተቀብቶ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽም ያለ ኮምፓውንድ አለፈ።

ለአንባብያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. 15 ግራም ሰም በ9 ካሬ ሜትር ላይ ቢቀባና ግማሹ ማሟሚያ ሆኖ ቢተን፣ ከመወልወሉ በፊት የሚቀረው ውፍረት ስንት ነው?

2. 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ፎቶን የሞገድ ርዝመት ስንት ነው? ይህ ጨረር ለዓይን ይታያልን?

3. ጠብታው የግማሽ ሉል ሳይሆን ሙሉ ሉል ቢሆን ኖሮ ጨረሮቹ ቀለሙ ላይ ይገናኙ ነበርን? በቀመሩ አስረዱ።